ብርብራን ከጓሮ ቡና አጠገብ አትንቀሉት

በጅማ ከተማ ጊንጆ ጉዱሩ በጓሮው ቡና የተከለ ሰው ጥላ ያስፈልገዋል። ቶሎ ይሸጣል ተብሎ ከቡናው ጎን የሚተከል ባሕር ዛፍ ግን ውኃ ይሻማል። ብርብራ ይሻላል። በኢትዮጵያ ብቻ በተፈጥሮ የሚገኘው ይህ ዛፍ የባቄላና የአተር ዘመድ ነው፤ ሥሩ ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ አፈሩን ያዳብራል። የረገፈው ቅጠሉ ይበሰብስና ቡናውን ይመግባል፤ ሐምራዊ አበባውን ደግሞ ንብ ትቀስመዋለች።

ችግኝ ለማፍላት የፍሬው ሽፋን ደርቆ ሲፈነዳ የወደቀውን ዘር ለቅሞ ሳይቆይ መዝራት ነው። ዛፉ ሲያድግ ጥላው ከበዛ የቡናው ምርት ስለሚቀንስ ቅርንጫፉን ማሳሳት ያሻል። ዘሩን ከልጆች አርቁ፤ ዱቄቱንም ወንዝ ውስጥ አትጨምሩ፤ ዓሣ አጥማጆች ዓሣ የሚያደነዝዙበት መርዝ ነውና።