ቱርቦ፣ ማርሚታና የመንዝ ከፍታ

ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ጣርማበር ላይ የሚወጣ መኪና በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ወደ መንዝ፣ ወደ ሞላሌና መሐል ሜዳ ቢታጠፍም ደጋው አይለቀውም፤ የጓሳ ሜዳ ራሱ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ላይ ነው። በ3,000 ሜትር ያለ አየር ባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለውን ባለ 4.2 ሊትር የላንድ ክሩዘር ሞተር፣ 1ኤችዜድ የሚባለውን፣ እንውሰድ። መንዝ ላይ የሚስበው አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ባለ 3 ሊትር ሞተር ከሚስበው ብዙም አይበልጥም። ፖምፓው ለከፍታው ካልተስተካከለ ግን ናፍጣውን የሚረጨው በ4.2 ሊትር ሂሳብ ነው። አየር ያጣው ናፍጣ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ጣርማበር ዳገት ላይ አይሱዙዎችና የቆዩ ላንድ ክሩዘሮች የሚተፉት ጥቁር ጭስ በአብዛኛው ምንጩ ይኸው ነው፤ የቱቦው ጥበት አይደለም።

ቱርቦ ለዚህ ችግር የተሰጠ መልስ ነው ማለት ይቻላል። እንደ ውሃ ወፍጮ ነው፤ ወራጁ ጭስ አንዱን ተሽከርካሪ ያዞራል፣ በአንድ ዘንግ የታሰረው ሌላው ተሽከርካሪ ደግሞ ንጹሕ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100,000 ዙር ያልፋል። ስለዚህ ባለ ቱርቦ መኪና ላይ ጭስ ማውጫው የቆሻሻ መውጫ ብቻ ሳይሆን የሞተሩ ኃይል ግማሽ አካል ነው፤ ዕቃ ስንመርጥለትም ቱርቦውን እንደ ድንበር ቆጥረን ከሱ በፊት ያለውንና ከሱ በኋላ ያለውን ለያይተን ማየት አለብን። ከቱርቦው በፊት ያለው ክፍል መጥበቅ እንጂ መስፋት አያስፈልገውም። በኋላ ያለው በልኩ ሊሰፋ ይችላል። ደጋ ላይ ግን ይህ ልክ ብዙዎች ከሚያስቡት በጣም ያነሰ ነው።

ጋራዥ ውስጥ የሚሰማው ክርክር ግን ሌላ ነው፦ አየሩ ስለሳሳ መኪናው እንዲተነፍስ ማርሚታው ይቆረጥ፣ ቀጥ ያለ ሰፊ ቱቦ ይበየድ። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ከቱርቦው በኋላ ያለው መታፈን ሲቀንስ ቱርቦው ቶሎ እንደሚነሳ የታወቀ ነው። የተዘነጋው ግን ከፍታው ራሱ ይህን ሥራ ቀድሞ መሥራቱ ነው። የጭስ ተሽከርካሪው የሚዞረው በመግቢያውና በመውጫው መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ነው፤ መንዝ ላይ የውጭው ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሰባ በመቶ ገደማ ስለሆነ ልዩነቱ ማርሚታው ሳይነካ ሰፍቷል። በንጹሕ አየር መግቢያው በኩል ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ያንኑ ግፊት ለመስጠት ቱርቦው ቆላ ላይ ከሚሽከረከረው በላይ መሽከርከር አለበት። ደጋ ላይ ያለ ቱርቦ እንግዲህ ለፍጥነት ጣሪያው የቀረበ ነው። በዚህ ላይ ማርሚታውን አውጥቶ ሌላ ልጓም መፍታት ዘንጉንና መቀመጫውን ማስበላት ነው። ቆላ ላይ ምናልባት ትንሽ ጉልበት የሚጨምር ሥራ ጓሳ ላይ ቱርቦ ያስለውጣል፤ የቱርቦ ዋጋ ደግሞ ከማርሚታ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ለጭነት መኪና ሌላ አደጋም አለ። በብዙ አይሱዙዎች ላይ ቁልቁለት ሲወረድ ጭሱን አፍኖ መኪናውን የሚይዘው ክዳን የሚገኘው እዚያው ቱቦ ላይ ነው። ቱቦ ሲለወጥ ክዳኑ አብሮ ከወጣ፣ ወደ መርሐቤቴ ለመሻገር የጀማን ሸለቆ የሚወርድ ሹፌር ቁልቁለቱን በእግር ፍሬን ብቻ ሊጨርሰው ነው።

ታዲያ ገንዘቡ የት ይውጣ? መጀመሪያ ጓርኒሲዮኑ ላይ። በማኒፎልዱና በቱርቦው መጋጠሚያ ዙሪያ እንደ ቀጭን ጅራት የተዘረጋ ጥቁር ጥላሸት ከታየ፣ ጋዝ ሲሰጥም ፉጨት ከተሰማ፣ ቱርቦውን ሊያዞር የሚገባው ጭስ መንገድ ላይ እየጠፋ ነው። ጓርኒሲዮንና ጥቂት ቡለን ከማንኛውም ሰፊ ቱቦ ይልቅ ጉልበት ይመልሳሉ። ቀጥሎ የማርሚታው መስቀያ ጎማ ነው፤ ከተበጠሰ በኮረኮንች ላይ የቱቦው ክብደት በሙሉ ቱርቦው ላይ ይንጠለጠልና ማኒፎልዱን ይሰነጥቃል። ቱቦ ሶማሌ ተራ ሲገዛ መታጠፊያውን በእጅ መዳሰስ ይበጃል፤ እዚያ ላይ ተጨማዶ ከጠበበ የአፉ ስፋት ዋጋ የለውም። ማግኔት ካልያዘው ነው የማይዝገው የሚለው ፈተናም ግማሽ እውነት ነው፤ ለጭስ ማውጫ ከሚሠሩት የማይዝጉ ብረቶች አንዳንዶቹን ማግኔት ይይዛቸዋል። በመንዝ ብርድ ቱቦው ውስጥ ውሃ ስለሚጠራቀም ማርሚታው ከሥሩ የማንጠባጠቢያ ቀዳዳ ያለው ቢሆን ይመረጣል።

የቀረው የማጽጃው ዕቃ ነው። ባለ ቤንዚን ቱርቦዎች ካታላይዘር፣ አዳዲስ የናፍጣ መኪናዎች ደግሞ ጥላሸት ማጣሪያ አላቸው። በእኛ ነዳጅ ይደፈናል፣ አውጥቶ መጣል ነው የሚሉ አሉ። ድኝ የበዛበት ነዳጅ ካታላይዘርን እንደሚጎዳ እውነት ነው፤ ማጣሪያውም የያዘውን ጥላሸት ለማቃጠል እስከ 600 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ስለሚፈልግ በአጭር የከተማ ጉዞ ይደፈናል። ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚደፍነው የላላ ኖዝል፣ ዘይት የሚያሳልፍ ቱርቦ ወይም የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ ነው። እነሱን ሳያስተካክሉ ማጣሪያውን መጣል በሽታውን ትቶ ምልክቱን መደበቅ ነው። የኦክስጅን ሴንሰሩም ካታላይዘሩን ሲያጣ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ያበራል።

ሕጉስ? የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ተንቀሳቃሽ የጭስ ምንጮችም የልቀት ደረጃ እንዲወጣላቸው ይደነግጋል፤ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ደግሞ ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ መሠረት ነው። ገጠር ማን ይለካል የሚለው መልስ ለዛሬ ሊያዋጣ ይችላል። ግን በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲከለክል፣ አገር ውስጥ ያሉት ረጅም ዕድሜ እንዲሠሩ ፈርዶባቸዋል፤ የተቆረጠ ማርሚታ ያለው መኪና ደግሞ ሲሸጥም ሲመረመርም ዋጋው ይወርዳል። በአውሮፓ የተፈቀደ ምትክ ዕቃ ክብ ውስጥ የተቀረጸ የላቲን ኢ ፊደልና ቁጥር ይኖረዋል፤ ያገለገለም ቢሆን ይህ ማኅተም ያለውን ፈልጉ። ቱቦ ለማስፋት ከመወሰናችሁ በፊት ግን መካኒካችሁ ፖምፓውን፣ ፊልትሮውንና ጓርኒሲዮኑን እንዲያይላችሁ ጠይቁት።