የሰባ ጉበትና የልብ ደም ሥር፦ ከወላጆቻችን ምን እንወርሳለን?

ቦሌ አካባቢ ባሉት ክሊኒኮች ለሌላ ሕመም አልትራሳውንድ ታይተው «ጉበትዎ ላይ ስብ አለ» የሚባሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ይህን የሰማው መጠጥ ቀምሶ የማያውቅ አማኝ ሲሆን መጀመሪያ ይገረማል፤ ቀጥሎ ያፍራል። «ሰው በስውር ይጠጣል ይለኝ ይሆን?» ብሎ ውጤቱን ከቤተ ሰቡ ጭምር የሚደብቅ አለ።

ወገኖች፣ የሰባ ጉበት ያለ አልኮልም ይመጣል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ የስኳር በሽታ፣ ጣፋጭና ለስላሳ ማዘውተር እንዲሁም የእንቅስቃሴ ማነስ ዋነኞቹ ምክንያቶች ናቸው። የዘር ውርስም ድርሻ አለው። ውጤቱን መደበቅ ግን አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም የሰባ ጉበት ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹን ለሞት የሚዳርገው የጉበቱ ሕመም ሳይሆን የልብና የደም ሥር በሽታ ነው።

ይህ እንዴት ይሆናል? ጉበት ስብ ሲበዛበት ትርፉን ወደ ደም ይልከዋል። ስቡም በጊዜ ብዛት በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየተከማቸ ደም የሚያልፍበትን መንገድ ያጠብበዋል።

እዚህ ላይ የውርስ ነገር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2008 ተመራማሪዎች «ፒኤንፒኤልኤ3» በተባለ ጂን ላይ ያለ ለውጥ በጉበት ላይ ስብ እንደሚያከማች አገኙ። በ2014 ደግሞ «ቲኤም6ኤስኤፍ2» የተባለው ታወቀ። የዚህኛው ጠባይ ያስገርማል። ለውጡ ስቡን እዚያው ጉበት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል፤ ስለዚህ ጉበት ይጎዳል፣ በደም ውስጥ ያለው ስብ ግን ይቀንሳል፣ የልብ ደም ሥርም በመጠኑ ይጠበቃል።

በአንጻሩ ከወላጅ የሚወረስ ከፍተኛ ኮሌስትሮል አለ። ይህ ከአባት ወይም ከእናት ሲመጣ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ የልብ ደም ሥርንም ገና በወጣትነት ይጎዳል። እንግዲህ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት የአልትራሳውንድ ውጤት ይዘው ቢወጡም የልባቸው አደጋ ላይመሳሰል ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ቤተ ሰብን እንጠይቅ። በለቅሶ ቤት «ድንገት አረፉ» ተብሎ የታለፈው ምክንያት ምን ነበር? አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ65 ዓመት በፊት በልብ ሕመም ከተያዙ ይህን ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። ለአብዛኛው ሰው የጂን ምርመራ አያስፈልገውም፤ የደም ግፊት፣ የስኳርና የኮሌስትሮል ምርመራ ብዙ ይናገራል።

ሁለተኛ፣ ሐኪም ያዘዘልንን የኮሌስትሮል መድኃኒት «ጉበቴን ይጎዳዋል» ብለን በራሳችን አናቋርጥ። ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች የሰባ ጉበት ላለባቸው ለአብዛኞቹ ሰዎች የሚስማሙ ናቸው፤ ልብንም ይጠብቃሉ።

ሦስተኛ፣ ውፍረት ያለብን እንቀንስ። ከክብደት 5 በመቶ ያህል መቀነስ እንኳ የጉበትን ስብ ያሳንሳል። ውርስን መለወጥ አንችልም፤ ማዕዳችንንና እርምጃችንን ግን እንችላለን። ስለ ጤናችን ስንጸልይ ምርመራውንም አንተው፤ ውጤቱንም ከልጆቻችን አንደብቅ፤ ነገ የእነርሱም ጉዳይ ሊሆን ይችላልና።