«ልጄ ወፈረልኝ» ስንል



ዓርብ ዓርብ ከጸሎት በኋላ ብዙዎቻችሁ ከአገር ቤት የተላከላችሁን የልጆቻችሁን ፎቶ ታሳዩናላችሁ። «ወፈረልኝ፣ ተመስገን!» ስትሉም አብረን ደስ ይለናል። ችግር ባየ ቤት ውፍረት የጥጋብ ምልክት ነውና። ዛሬ ግን ስለ ልጆች የደም ግፊት ጥቂት ልንነግራችሁ ወደድን።

ደም ግፊት የአዛውንት በሽታ ብቻ አይደለም። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅንም ይይዛል፤ አብዛኛውን ጊዜም ምልክት የለውም። ክብደት ከልክ ሲያልፍ ልብ ብዙ ደም ለመግፋት ትደክማለች፣ ኩላሊትም ጨው ያስቀራል፣ ግፊቱም ይጨምራል። እንቅስቃሴ ግን ልብን ያጠነክራል፣ የደም ሥሮችን ያፍታታል። ልጁ ብዙ ባይከሳ እንኳ ግፊቱ እንዲወርድ ይረዳል። ስለዚህ ቀጭኑም ልጅ መንቀሳቀስ አለበት።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፋጥን እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጥናቱ እንደሚያሳየው ግን ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ የዓለም ተማሪዎች ከመቶ 81ዱ ይህን ያህል አይንቀሳቀሱም።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ በአሰላ አካባቢ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ነበር ትምህርት ቤት የሚሄደው። የዛሬው ልጅ በባጃጅ ይሄዳል፣ ለስላሳ ይጠጣል፣ ማታ ስልኩ ላይ ያፈጣል። እናንተ በላባችሁ ያገኛችሁትን የምትልኩት በፍቅር ነው፤ ፍቅሩ ልጁን እንዳይጎዳው እንጠንቀቅ።

እንግዲህ ከዶሃ ሆናችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ስትደውሉ «በላህ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ተጫወትክ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ከሆነ በእግሩ ይሂድ። ኳስ፣ ገመድ ዝላይ፣ ውኃ መቅዳትም እንቅስቃሴ ነው። ለስላሳው ለበዓል ይሁን፤ ወጡ ላይ ጨው ይቀነስ። በውፍረቱ ግን አትስደቡት፤ ስድብ ልጅን ቤት ያስቀምጣል እንጂ አያስሮጥም።

ልጁ ከወፈረ ወይም በዘር ግፊት ካለ ጤና ጣቢያ ሄዶ 5 ደቂቃ አርፎ ይለካ። ከ13 ዓመት ጀምሮ ከ120 በ80 በታች ደህና ነው። አንድ ቀን ከፍ ቢል አትደንግጡ፤ የፈራ ልጅም ግፊቱ ይጨምራል። በ3 የተለያዩ ቀናት 130 በ80 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ሐኪም ይከታተለው። የጎረቤት መድኃኒት በፍጹም አይሰጠው።

እግዚአብሔር ልጆቻችሁን በጤና ያሳድግላችሁ፤ እናንተንም ለዓይናቸው ያብቃችሁ። አሜን።