ደን የጠበቃት ዑራ ኪዳነ ምሕረት

ከባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ላይ ወደ ዘጌ ልሳነ ምድር በጀልባ የሚሄድ እንግዳ ከወደቡ ወርዶ በቡና ዛፎች ጥላ ሥር ሽቅብ ሲወጣ፣ ከጫካው መሐል ሾጣጣ ጣሪያ ያላት ክብ ቤተ ክርስቲያን ብቅ ትልበታለች፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት። ገዳሙን በ14ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ በትረ ማርያም እንደመሠረቱት ይተረካል።

ከውጭ ሲያዩዋት እንጨትና ጭቃ ናት። ጫማ አውልቀው ቅኔ ማኅሌቱን አልፈው ሲዘልቁ ግን መቅደሱ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኖ ይታያል። ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ግዙፎቹን የእንጨት በሮች ይጠብቃሉ። በጣና ገዳማት እንደተለመደው፣ በጥርኝ ውኃ ምሕረት ያገኘው በላዔ ሰብም አለ። ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ሆነው ከጭቃው ግድግዳ ጋር የተጣበቁ ናቸው።

እንዲህ ያለ ቤት ችላ ከተባለ አይከርምም። ጣሪያው ካፈሰሰ ጭቃው ይላላል፤ ጭቃው ሲላላ ጨርቁ ይላቀቃል፤ ከጨርቁ ጋር ቀለሙም ይረግፋል። ስለዚህ ክረምት በመጣ ቁጥር ዓይኑን የማይነቅልባት ባለቤት ያስፈልጋታል።

ዘጌ ይህን ባለቤት አላጣም። በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን መሠረት በልሳነ ምድሩ በበሬ አይታረስም፤ ከብት አይረባም። ነዋሪው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ይተዳደራል። አራሽ ያልመነጠረው ደንም እስከ ዛሬ ቆሟል። ገዳሙ ደኑን በቃል ኪዳን ሲያስከብር፣ ከደኑ የሚኖረው ሕዝብ ገዳሙን ይጠብቃል። የነገሥታት ዘውዶችና የብራና መጻሕፍትም በዕቃ ቤት ተጠብቀው ኖረው፣ ዛሬ ለጎብኚ ይታያሉ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ አስፍሯል። የዘጌ ሰው ግን ደኑን መጠበቅ የጀመረው ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ ነው። ለቅርስ በጀትም ባለሙያም ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ፍሬ የሚያፈሩት ግን በቅርሱ ዙሪያ የሚኖረው ሰው ኑሮው ሲቃና ነው። የዘጌ ገበሬ ቡናው ዋጋ ካጣ፣ ደኑን የሚጠብቅበት አቅም ይደክማል።

እርስዎም ወደ ዑራ ሲሄዱ የአካባቢውን ልጅ አስጎብኚ አድርገው ይያዙ፤ ሥዕሎቹን በእጅዎ አይንኩ፤ ፍላሽ አያብሩ። ሲመለሱ ደግሞ የዘጌን ቡና ከገበሬው እጅ ይግዙ።