የደጋ ውኃና የሐሩር ክልል ዓሣ

በምሥራቅ ጎጃም የሚገኙት ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆሩ ከተሞች በመሆናቸው ሌሊታቸው ቀዝቃዛ፣ አየራቸውም ስስ ነው። ለቤት ጌጥ የሚመረጡት አብዛኞቹ ዓሦች ግን የሐሩር ክልል ተወላጆች ሲሆኑ፣ የሚስማማቸውም ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያለው ውኃ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች በመስተዋት ገንዳ ወይም በአኳሪየም ዓሣ ለማኖር የሚሻ ሰው፣ የትም ቦታ ከሚሠራው የውኃ አያያዝ ሥርዓት በተጨማሪ ከፍታው የሚያስከትለውን ችግር ማወቅ ይገባዋል።

ጥርት ብሎ የሚታይ ውኃ ሁሉ ለዓሣ ጤናማ አይደለም። ዓሣ ከምግቡ የሚተርፈውን ናይትሮጅን በአብዛኛው በመተንፈሻ አካሉ በስንጥብ በኩል አሞኒያ አድርጎ ያስወግዳል፤ አሞኒያ ደግሞ በጥቂት መጠን እንኳ ስንጥብን የሚጎዳ መርዝ ነው። በጠጠርና በማጣሪያ ስፖንጅ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይት ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያግድ እርሱም አደገኛ ነው፤ ናይትሬት ግን ጉዳቱ ቀላል ሲሆን፣ በሊትር ከ40 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ውኃን በመቀየር ይቀነሳል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ ለመራባት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ስለሚፈጁ፣ አዲስ ገንዳን በአንድ ቀን በዓሣ መሙላት ለጅምላ ሞት ይዳርጋል።

የከፍታው ተጽዕኖ ጎልቶ የሚታየው በኦክስጅን ላይ ነው። በባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው አንድ ሊትር ውኃ ከ8 ሚሊግራም በላይ ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ በ2,500 ሜትር ከፍታ ግን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ወደ 6 ሚሊግራም ዝቅ ይላል። በዚህም ምክንያት በደጋ ከተማ የዓሦቹን ቁጥር መቀነስና የአየር ፓምፕን ያለማቋረጥ ማሠራት ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያው፣ ፓምፑና ማጣሪያው በአንድነት ስለሚቆሙ፣ ገንዳውን ከላይ አየር መግቢያ ትቶ ዙሪያውን በብርድ ልብስ መሸፈን፣ ውኃውንም አልፎ አልፎ በጆግ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ይበጃል።

የሚጨመረው ውኃ ምንጭም መመርመር አለበት። በክሎሪን የታከመ የቧንቧ ውኃ ስንጥብን ከመጉዳቱም ሌላ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ስለሚገድል፣ አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ሳይከደን መቆየት ይኖርበታል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ለዓሣ መርዛማ የሆነውን ዚንክ ሊይዝ ስለሚችል ባይጨመር ይመረጣል። ሳሙናና እንዶድ የነኩት ባልዲም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው በምርምር ያረጋገጡት የእንዶድ ገዳይነት ለዓሣም የሚተርፍ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ሆኖ ሳይቋረጥ መከናወን ያለበት ነው። በየሳምንቱ ከገንዳው ውኃ ሩብ ያህሉ ተቀድቶ፣ ሙቀቱ በተስተካከለ ውኃ ይተካል፤ ስፖንጁ በቧንቧ ውኃ ሳይሆን ከገንዳው በተቀዳው ውኃ ይታጠባል፤ ምግብም ዓሦቹ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከሚጨርሱት በላይ አይሰጥም፤ የተረፈው በስብሶ አሞኒያ ይሆናልና። ማሞቂያ ለመግዛት ወይም መብራት ለማግኘት የሚቸገር ሰው፣ ቀዝቃዛ ውኃን የሚችለውን ወርቃማ ዓሣ በሰፊ ገንዳ ቢያኖር ይሻለዋል።