ሦስቱ የሰማይ ምስክሮች

አንባብያን ሆይ! ጧት ከሥራ ገብታችሁ በጠረጴዛችሁ ላይ የማይታመን ቍጥር የተጻፈበት መዝገብ ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? ስሕተት ነው ብላችሁ ትጥሉታላችሁን? ወይስ ሳትመረምሩ ትፈርሙበታላችሁ?

በ2004 ዓ. ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2012) በሐምሌ ወር፣ በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ የሚሠሩትን ሳይንቲስት ሶን ንጊየምን የገጠማቸው ይህን የመሰለ ነገር ነው። ኦሽንሳት 2 የምትባለው የሕንድ ሰው ሠራሽ ጨረቃ፣ ማለት ሳተላይት፣ በላከችው ማስረጃ ግሪንላንድን የሸፈነው በረዶ ገጹ ከዳር እስከ ዳር ቀልጦ ታያቸው። ግሪንላንድ በሰሜን ዋልታ በኩል የምትገኝ ታላቅ ደሴት ስትሆን፣ የበረዶዋ ውፍረት በመካከሉ ከ3 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ለእኛ ክረምት የሆነው ሐምሌ ለዚያ አገር በጋ ነው፤ ቢሆንም እንደ ወትሮው በበጋ የሚቀልጠው የገጹ እኩሌታ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሳይንቲስቱ በመጀመሪያ የተጠራጠሩት ማስረጃውን ነበር።

ሌሎች ምስክሮች ተጠየቁ። ኦሽንሳት ትሠራ የነበረው በራዳር ነው፤ ሞገድ ወደ ምድር ትልክና የሚመለሰውን ታዳምጥ ነበር። ደረቅ በረዶ ሞገዱን ይመልሳል፤ የራሰው ግን ይውጠዋል። ቴራና አኳ የተባሉት ሁለተኞቹ የገጹን ሙቀት ይለካሉ፤ ጉድለታቸው ደመና ሲጋርዳቸው አለማየታቸው ነው። ሦስተኛው፣ የአሜሪካ የአየር ጠባይ መመልከቻ ሳተላይት፣ በረዶው ራሱ የሚያወጣውን ረቂቅ ሞገድ ስለሚያዳምጥ ደመናም ጨለማም እምብዛም አያግደውም። ሁሉም በየመንገዳቸው መርምረው ቃላቸው አንድ ሆነ። ሐምሌ 1 ቀን ከመቶ 40 እጅ ያህል የነበረው የቀለጠ ገጽ፣ ሐምሌ 5 ቀን 97 እጅ ደርሶ ነበር። ምክንያቱም በደሴቲቱ ላይ እንደ አክንባሎ የተደፋ ሞቃት አየር ነው።

እዚህ ላይ ግን እንጠንቀቅ። የቀለጠው ገጹ እንጂ በረዶው በሙሉ አይደለም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ከፍተኛው ቦታ ተመልሶ ረግቷል። ከጥልቅ ተቈፍሮ የወጣው በረዶ እንደሚመሰክረው፣ ይኸው ቦታ በ1881 ዓ. ም. እንዲሁ ቀልጦ ነበር። «ታዲያ ምን ያሳስባል?» ትሉ ይሆናል።

የሚያሳስበው ሚዛኑ ነው። ከ1994 ዓ. ም. ወዲህ ወደ ሰማይ የተላኩ ጥንድ ሳተላይቶች እየተከታተሉ፣ በምድር ስበት ለውጥ የበረዶውን ክብደት ሲመዝኑ፣ ደሴቲቱ በአማካይ በየዓመቱ ከ250 ቢሊዮን ቶን በላይ እንደምታጣ ታውቋል። ነሐሴ 8 ቀን 2013 ዓ. ም. ደግሞ በዚያው ከፍተኛ ቦታ፣ መዝገብ ከተያዘ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝናም ዘነበ። በረዶው ሁሉ ቢያልቅ የዓለም ባሕር ከ7 ሜትር በላይ ከፍ ይላል።

እንግዲህ አንድ ሞቃት ሳምንት የአንድ ቀን ወጪ ነው፤ ፍርዱ የሚገኘው ከዓመታቱ ሒሳብ ነው። እናንተም ነገ የማይታመን ቍጥር ቢገጥማችሁ፣ ከመጣላችሁም ከመፈረማችሁም በፊት ሌላ ምስክር ጥሩ።