ተጨማሪ መረጃ፦ የሸሸን ሹፌር ማሳደድ

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ፖሊስ እንዲቆም ምልክት ሲሰጠው በግዴለሽነት እየነዳ ለማምለጥ የሚሞክር ሹፌር ከባድ ወንጀል ፈጽሟል። ሕግ አውጪዎቹን ለዓመታት ያከራከረው ግን ሽሽቱ ሳይሆን ማሳደዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የግዛቱ ምክር ቤት የፖሊስን ሥልጣን አጠበበ፤ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ማሳደድ የሚፈቀደው የኃይል ወይም የወሲብ ወንጀል ስለመፈጸሙ አሳማኝ ምክንያት ሲኖር ሆነ። ጠጥቶ የሚነዳን ለመከተል ግን ጥርጣሬ ይበቃ ነበር። ዓላማው በማሳደድ መሀል መንገደኛ እንዳይሞት ነበር። ተቺዎች ደግሞ፣ የመኪና ሌቦች ሕጉን ተማምነው መቆም ትተዋል አሉ፤ ክርክሩ ከሁለቱም ወገን እውነት አለው። በ2023 መጠነኛ ማሻሻያ ተደረገ።

የ2024ቱ ለውጥ መነሻው ሌላ ነው። መራጮች ፈርመው ያቀረቡትን ረቂቅ ምክር ቤቱ ራሱ ስላጸደቀው፣ ለሕዝብ ድምፅ መቅረብ አላስፈለገውም። አሁን ለማንኛውም የሕግ ጥሰት ምክንያታዊ ጥርጣሬ ይበቃል። ሆኖም ተጠርጣሪው ለሌሎች አስጊ መሆን፣ ሥጋቱም ማሳደዱ ከሚያመጣው አደጋ መብለጥ አለበት። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሲያትልም በዚሁ ሕግ ትተዳደራለች።